ከላይኛው እርከን የወረደ ቅጠል

ሻይ ለየውብዳር ብርቋ አይደለም። ካፋ ውስጥ፣ ውሽውሽ፣ የሻይ እርሻ ሠራተኞች መንደር ተወልዳ የቅጠሉን ሽታ ከእናቷ ቀሚስ ላይ እየሳበች ነው ያደገችው። እዚያ ግን ቅጠል በጆንያ ይታፈሳል፣ በማሽን ይፈጫል፣ ጠቁሮ ይወጣል፣ አለቀ። እዚህ፣ በቻይና አንሁዊ ተራሮች መሃል፣ በባሏ እናት ቤት፣ ቅጠል ማለት እንደ አራስ ልጅ በመዳፍ የሚያዝ ነገር ሆኖ አገኘችው። ለጋው ጫፍ ጉሙ ሳይነሳ ይቀጠፋል፣ እስኪጠወልግ በቀርከሃ ሰፌድ ላይ ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አማቷ እማማ ቼን ከሥሩ እሳት በሚነድበት ጎድጓዳ ብረት ውስጥ ባዶ እጃቸውን ከትተው እየጫኑና እያገላበጡ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ያደርቁታል። ማማሰያ የለ፣ ጓንት የለ። የመጀመሪያ ቀን ሞክራ መዳፏ ሲላጥ እማማ ቼን ሳቁና ቆዳው ይለምዳል አሏት።

የማድረቂያው ክፍል መስኮት የለውም። በሩ ሲዘጋ የሚታየው ከብረቱ ሥር የሚላወሰው ፍም ብቻ ነው፤ የሚሰማው ደግሞ ርጥብ ቅጠል ብረቱን ሲነካ የሚያሰማው ቸስታ፣ የአሮጊቷ መዳፍ ሽውታ፣ ከጣሪያው ክዳን ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ፤ ሽታውም መጀመሪያ እንደ ታጨደ ሣር፣ ቀጥሎ እንደ ተቀቀለ ባቄላ እሸት፣ በስተመጨረሻ እንደ ተቆላ ሽምብራ ሆኖ ጨለማውን ሲሞላው፣ እማማ ቼን ዓይናቸውን ጨፍነው "ደረሰ" ይላሉ። የውብዳር ያንን ክፍል ትወደው ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ነገር ወዳው ነበር።

ባሏ ዌይ የቦንጋን መንገድ ሊሠራ መጥቶ ነው የተገናኙት። ሐዋሳ ላይ ሶሊያናን ወለዱ። አባቱ ሲሞቱ ግን የቤቱ ነገር መጣ፤ ያ ሻይ በአካባቢው ስሙ የተጠራ ነው፣ የማድረቁ ሙያም ከአማት ወደ ምራት እንጂ ወደ ወንድ አይተላለፍም። ይቺን አንድ በልግ ብቻ፣ አላት ዌይ፣ እጃቸውን ተማሪላቸውና እንመለሳለን። እሱ ታች ከተማ ሥራ ይዞ ሳምንት እየጠበቀ ይመጣል። እሷና አምስት ዓመት ያልሞላት ልጇ ከአሮጊቷ ጋር ተራራው ላይ ቀሩ። የውብዳር ከሁለት ፅንስ መጨንገፍ በኋላ ያገኘቻት ልጅ ናት ሶሊ፤ ስታስነጥስ እንኳ ልቧ ድንግጥ የሚልባት።

ከሁሉ የሚከበረው ቅጠል ከመቃብር ጠረጋ በዓል በፊት የሚለቀመው ነው። በዚያ በዓል የአገሩ ሰው ወደ ዘመዶቹ መቃብር ወጥቶ አረሙን ይነቅላል፣ ምግብ ያኖርላቸዋል። ከዚያ ወዲያ የተለቀመውን ጣዕሙ ከበደ ብለው ያጣጥሉታል። ስለዚህ በዓሉ ሲቃረብ መንደሩ ይራወጣል፤ የጎረቤት ሴቶችም ሰፊ የቀርከሃ ባርኔጣቸውን ደፍተው እማማ ቼንን ሊያግዙ ይመጣሉ።

የውብዳር መጀመሪያ ያስተዋለችው ቅርጫቱን ነው። ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን ከበሩ ፊት ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ደርድረው ሲሄዱ ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል። ትንሽ ቅርጫት ናት፣ እጀታዋ በቀይ ክር የተጠመጠመ። የማን እንደሆነች ስትጠይቅ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ውስጧ ያለው ቅጠል ደግሞ የሚገርም ነበር፤ አንድም የተቀነጠሰ፣ አንድም የተጨማደደ የለበት፣ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ለጋ። እጇን ስትሰድበት ግን ከምንጭ ውሃ የባሰ ቀዘቀዛት። ብረቱ ላይ ሲበተንም ቸስ አላለም። ዝም ብሎ ተኛ፣ እንፋሎትም አላወጣ፣ ከሥሩም የርጥብ አፈር ሽታ መጣ።

እማማ ቼን ፊታቸውን ከብረቱ ሳይመልሱ ከላይኛው እርከን ነው አሏት። ቅጠሉን ተቀበይ፣ ቅርጫቷን ባዶዋን እካቡ ላይ መልሺ፣ ወደ ላይ ግን አትጣሪ። ለምን ስትላቸው ፍሙን ቆሰቆሱ። የቤት አመል ነው ብላ ተወችው።

ላይኛው እርከን ከሁሉም የሻይ መደዳ በላይ፣ የቀርከሃው ደን ከሚጀምርበት ሥር ነው። ጉም አይለየውም። ሴቶቹ እስከ መካከለኛው እርከን ይወጡና ልክ ግድግዳ እንደገጠማቸው ይመለሳሉ፣ ቀናም ብለው አያዩም። አንድ ጠዋት የውብዳር ቀና አለች። ጉሙ ሳሳ ሲል ቁጥቋጦዎቹ መሃል አንድ ባርኔጣ አየች፣ ለባለቤቱ የሚሰፋ ባርኔጣ፤ ከሥሩም የሻይ ዛፉን አንገት እንኳ የማያልፍ ትንሽ ጀርባ። የሚሰማው የቅጠሉ ቅንጠሳ ብቻ ነው፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ያለ እረፍት፣ ከማንኛቸውም ሴቶች እጅ የፈጠነ።

ደሟ ፈላ። ልጅ! ሶሊን የምታክል ልጅ በዚህ ብርድ፣ በባዶ ሆዷ፣ እና ይሄ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፋታል? በማግስቱ ከምሳዋ ሩዝና እንቁላል ቀንሳ ቋጠረችና ሴቶቹ ሲያርፉ እሷ ወጣች። ከመካከለኛው እርከን ስታልፍ ከታች አንዷ ስሟን ጠራች፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ አሉ። ጉሙ ውስጥ ስትገባ የወፉም ድምፅ፣ የጅረቱም ድምፅ አብሮ ጠፋ። ልጅቷ መልቀሟን አቆመች፣ ግን አልዞረችም። ባርኔጣው ፊቷን እስከ አገጯ ይሸፍነዋል። ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ጥቁር አረንጓዴ ናቸው።

የውብዳር ተንበረከከች። ሩዙን በእጇ ጠቅልላ ከባርኔጣው ሥር አስገባችና እናቷ እሷን፣ እሷም ሶሊን እንደምትለማመጠው ተለማመጠቻት፣ "እንኪ የኔ ልጅ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።"

አፉ ተከፈተ። ጣቶቿ የነኩት ከንፈር በረዶ ነበር፤ ውስጡም ምላስ የሚባል ነገር አላገኘችም፣ ርጥብ ቅጠል ብቻ፣ ታጭቆ። እጇን መለስ አድርጋ ቆመች። ብርዱ ነው፣ አለች ለራሷ፣ ብርዱ ነው፣ እያለች ወረደች፣ ዞራም አላየች።

የዚያን ዕለት እራት ሶሊ አልበላችም። በልቻለሁ አለች። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን። የውብዳር ገንፎ ብታገነፋ፣ ጣፋጭ ብታቀርብ፣ ብትቆጣ፣ ብታለቅስ፣ ልጅቷ ከንፈሯን ገጥማ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ጉንጯ ጎደለ። ፀጉሯ ጤዛ የመታው ይመስል ይረጥባል። ትንፋሿ የታጨደ ሣር ይሸታል። እንቅልፍ ሲወስዳት ጣቶቿ ብርድ ልብሱ ላይ ቀጭ ቀጭ ያደርጋሉ፤ አንድ ማለዳ የውብዳር ገልጣ ስታያቸው ጫፋቸው ጠቁሯል። ሻይ ነክታ የማታውቅ ልጅ። ዌይ በስልክ ሐኪም ቤት እንወስዳታለን፣ ቅዳሜ እመጣለሁ አላት።

ቅዳሜ ሩቅ ሆነባት። ማድረቂያው ክፍል ገብታ በጨለማው ውስጥ ለእማማ ቼን ሁሉንም ነገረቻቸው። መዳፋቸው ብረቱ ላይ ቆመ። የቅጠሉ ሽታ ወደ ማረር ሄደ፣ ከዚያም የቆዳ ሽታ መጣ፣ እሳቸው ግን እጃቸውን አላነሡም።

"በእጅሽ አጎረስሻት?" አሉ።

"አዎ እማማ።"

"ምን ብለሽ ጠራሻት?"

"ልጄ ብዬ።"

አሮጊቷ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዌይ በፊት የወለዷት ሴት ልጅ እንደነበረች የነገሯት ያኔ ነው። ትንሽ ጣት ለጋውን ሳያቆስል ይቀጥፋል ተብሎ በልጅነቷ ላይኛው እርከን ላይ እንዳቆሟት፣ የረሃብ ዘመን ስለነበር ቁርስ ሳትቀምስ እንደወጣች፣ አንድ ቀን ጉሙ ሲነሳ ቅርጫቷ ሞልቶ እሷ እንደሌለች። "በየዓመቱ ምግብ አኖርኩላት። አልነካችውም" አሉ። "ከኔ እጅ አትቀበልም። አንቺ ግን እናት ሆንሽላት። ለሁለት ልጅ የሚሆን ቦታ ደግሞ የለም።"

የውብዳር እንዲህ ያለ ነገር አላምንም ብላ ጮኸችባቸው፣ እያመነችም ጭምር። ቶሎ ብላ ሶሊን አቅፋ ተኛች፣ እግሯን በእግሯ ቆልፋ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅራ።

ጎህ ሲቀድ እቅፏ ባዶ ነበር። በሩ እንደተቀረቀረ ነው።

በባዶ እግሯ ወጣች። መደዳ ለመደዳ፣ እየወደቀች፣ በዚያ ጉም ውስጥ የልጇን ስም እየጠራች። ላይኛው እርከን ላይ፣ ቁጥቋጦው ሥር፣ ቀዩን ሹራቧን ለብሳ ቁጢጥ ያለች ልጅ አገኘች። የሹራቡ ቁልፎች አለቦታቸው ተቆልፈዋል። ሶሊ ናት፣ ፊቷ፣ ፀጉሯ፣ ሁሉ ነገሯ። አቅፋት ወረደች፤ ከወትሮዋ ከበደቻት፣ ርጥበቱ ነው አለች። ከበስተኋላዋ አንድ ቅርንጫፍ ሲነቃነቅ ሰማች፣ ግን ልጇን ይዛለች፣ ምን ብላ ትዙር?

እቤት አስቀምጣት ሩዝ ስታቀርብላት ልጅቷ አፏን ከፈተች። የውብዳር አጎረሰቻት፣ ዋጠች። ደግሞ አጎረሰቻት፣ ዋጠች። ሩዙን ጨረሰች፣ እንቁላሉን ጨረሰች፣ የእናቷን እጅ እየጠበቀች ሳህኑን ባዶ አስቀረችው። ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! የውብዳር ሳቀች፣ አለቀሰች፣ መሬቱን ሳመች። ልጅቷ አንድም ቃል አልተናገረችም፣ ደንግጣ ነው። እማማ ቼን በሩ ላይ ቆመው ያያሉ፤ አልገቡም፣ ዓይናቸውንም አልነቀሉም።

ዌይ ተጠርቶ በዚያው ቀን መኪና ይዞ ደረሰ። አንድ ሌሊት እንኳ አላድርም አለችው፣ እሱም ፊቷን አይቶ አልተከራከረም። አሮጊቷ ሲሰናበቱ አንድ ጊዜ እንኳ አቅፈዋት የማያውቁትን ልጅ ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ የውብዳር ሰምታው በማታውቀው ስም እየጠሩ፣ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ አለቀሱ። ልጅቷ አላቀፈቻቸውም። የውብዳር አዘነችላቸው፣ ቂሟን ረሳች፣ እጃቸውን ሳመች።

መኪናው ጠመዝማዛውን መንገድ ቀስ እያለ ሲወርድ ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀምጣለች። የሻይ መደዳዎቹ በመስኮቱ ያልፋሉ፣ ሴቶቹ ባርኔጣቸውን ደፍተው ይለቅማሉ። ዌይ ስለ አውሮፕላኑ ያወራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ቀን በኋላ ሙሉ ትንፋሽ ወሰደች። ሐዋሳ፣ የእናቷ ቤት፣ ፀሐይ።

ያኔ ከላይ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ድምፅ ሰማች። ሩቅ ነው፣ ቀጭን ነው፣ በአማርኛ ነው።

"እማዬ፣ እኔን ረሳሽኝ እኮ።"

ዌይ አልሰማም፣ መንዳቱን ቀጠለ። የውብዳር እጇን ወደ በሩ እጀታ ሰደደችና ልጅቷን ከጭኗ ልታወርድ ሞከረች፤ ልጅቷ ግን አልወረደችም።