ያልገጠመው ቱቦ

«ርገጪ!»

«ረገጥኩ!»

«ያዢ! እንዳትለቂ!»

ኢፍቱ ያዘች። ላንድክሩዘሩ የጋራዡ ጉድጓድ ላይ ቆሟል። እሷ የሾፌሩ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እግሯን ፍሬኑ ላይ ጭናለች፤ ወንድሟ ሰኢድ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ከኋላው ፍሬን አየር ያስወጣል። ፔዳሉ መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ከዚያ፣ ሰዉ ተኝቷል ብሎ በጓሮ እንደሚወጣ ሌባ፣ ከእግሯ ሥር ቀስ እያለ መስመጥ ጀመረ።

«ሰኢዶ፣ እየሰመጠ ነው!»

«አንቺ ዝም ብለሽ ያዢ።»

«እኔማ ይዣለሁ፤ እሱ ነው የማይዘው!»

«አትጩኺ!» የሰኢድ ድምፅ ከመሬት በታች ዝቅ ብሎ መጣ። «ውረጂና ነይ።»

ኢፍቱ ከመኪናው ስትወርድ ወደ በሩ ተመለከተች። አባቷ ሁሴኖ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሯል። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ እንዲህ ነው፤ ማየት ሲያቅተው ማዳመጥ አብዝቷል። ሞተር ዳስሶ ይፈታል፣ የመኪና ሕመም ከድምፁ ይለያል። ባለፈው ክረምት ግን ጉድጓዱን ስቶ ወደቀ፤ እናታቸውም «ሁለተኛ እዚያ ከወረድክ በአፈር ነው የምሞላው» ብላ ማለች። እናታቸው ስትምል ደግሞ ቀልድ አታውቅም።

ስለዚህ ሰኢድ ይሠራል፣ ኢፍቱ ታያለች፣ አባት ይፈርዳል። የጋራዡ ደንብ ይኸው ነው። ሠሪ ስለ ራሱ ሥራ አይመሰክርም። አባቷ «ከሥር ምን አየሽ?» ሲላት ያየችውን ትነግረዋለች፤ መኪናው የሚወጣው እሷ ከተናገረች በኋላ ነው። ክፍል ውስጥ ለፍላፊ የምትባለው ልጅ እዚህ ምስክር ናት። ይህን ለጓደኞቿ ስትነግራቸው «ወሬኛነትሽን ሥራ አደረግሽው በይና» ብለው ሙድ ይዘውባታል።

ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ዘይት ይሸታል። ሰኢድ የእጅ ባትሪውን ወደ ላይ ይዞ ቆሟል። አዲሱ የኋላ አክሰል ከላያቸው ተጋድሟል። አዲስ ያሉት ከተሰበረው ይሻላል ለማለት ነው እንጂ፣ ሰኢድ ከአዳማ ያመጣው ከገደል ከወጣ መኪና ላይ አስፈትቶ ነው። አንዱ ጎኑ ላይ ቀይ አፈር እስካሁን አለ። ያመጣው ቀን «የሙት እግር ገዛን» ብሎ ሲቀልድ ኢፍቱም ስቃ ነበር። አሁን፣ በባትሪ ብርሃን፣ አላሳቃትም።

«ምኑ ነው?» አለች።

ሰኢድ ባትሪውን የፍሬኑ ቱቦ ከአክሰሉ የሚጋጠምበት ላይ አበራ። ቱቦውን የሚያስረው ዳዶ አንገቱ ላይ ነጭ ነገር ተጠምጥሞበታል።

«ይሄ የእማ ቧንቧ ላይ የሚታሰረው ቴፍሎን አይደል እንዴ?»

«ያው ነው። ውሃ ካቆመ ዘይት አያቆምም?»

«የእማ ቧንቧ ለቀስተኛ ጭኖ ዲክሲስ ድረስ አይሄድማ! ደግሞ የአክሰሉ የራሱ ቱቦስ? አባ ‹ከነቱቦው አምጣው፤ ቱቦና አክሰል ባልና ሚስት ናቸው፣ ከሌላ ቤት ብታመጣ አይስማሙም› ሲልህ ሰምቼ የለ? ‹ከነቱቦው አምጥቻለሁ› አላልክም?»

ሰኢድ ባትሪውን ፈቀቅ አደረገው። እሷም አክሰሉ ላይ የቀረውን የቱቦ ጉራጅ አየችው። ዝገት ይዞት አልፈታ ሲለው ሰኢድ በብረት መጋዝ፣ በሴጌቶ፣ ቆርጦታል። አውቶቡሱ ሊሄድ ነበር፣ ቸኩሎ ነበር፣ ከዚያም አባቱን አፍሮ ዋሸ። አሁን የላንድክሩዘሩን የድሮ ቱቦ አምጥቶ ሊያጋጥም ሲል የዳዶው ጥርስ ከአክሰሉ ጋር አልስማማ አለ። የአንዱ ጥርስ ደቃቅ ነው፣ የሌላው ሰፊ። ዳዶው ሁለቴ ይዞርና ይነክሳል፤ ከዚያ በኋላ መሄዱ በግድ ነው። ሰኢድም በግድ አስኬደው።

እያዩት ከነጩ ቴፍሎን ሥር አንዲት ጠብታ ተሰበሰበች፣ ወፈረች፣ ወደቀች።

«ንገረው» አለች ኢፍቱ።

«አብደሻል? ዓይኑን ሊታከም አዲስ አበባ ሲሄድ የጋራዡን ቁልፍ ለኔ ሊሰጠኝ ነው። ዋሸህ ካለኝ ዘግቶት ነው የሚሄደው። ወላሂ ዘግቶት ነው የሚሄደው! ታውቂው የለ?»

ታውቀዋለች። አባቷ ቁጣ ይበርድለታል፤ ውሸት ግን አይወጣለትም።

«ዛሬ ደርሰው ይመለሱ ብቻ» አለ ሰኢድ። ላቡ በአፍንጫው ላይ ወርዷል። «ነገ አዳማ ሄጄ ትክክለኛውን አመጣለሁ። ማታውኑ ፈትቼ ነው የምቀይረው። ኢፍቱዬ፣ ፊዚክስ የወደቅሽ ጊዜ ማን ነው አፉን የዘጋልሽ?»

«ፊዚክስና ፍሬን አንድ ነው?»

«አንቺ አፍሽን ዝጊልኝ እንጂ ሌላ ምን አልኩሽ?»

ሰኢድ የመፍቻው እጀታ ላይ የብረት ቱቦ ሰክቶ ተንጠለጠለበት። ዳዶው ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አሰምቶ ትንሽ ዞረ። ከዚያ በጨርቅ ጠረገው። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ተመለከቱ። ምንም የለም።

«አየሽ? ቆመ።»

ከላይ የእንደሻው ድምፅ መጣ። «ጋሽ ሁሴኖ፣ እባክዎ! ቀብር ሰው አይጠብቅም።»

እንደሻው የመኪናው ባለቤት ነው። ወንድሙ ሌሊቱን ዲክሲስ ሞቶበታል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች በአጥሩ ጥግ ቆመዋል፤ ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጭጋግ ውስጥ ነጭነታቸው እንጂ ፊታቸው አይለይም። አንዷ ቀስ ብላ ታነባለች፤ ሌሎቹ «ይበቃሻል» እያሉ ያባብሏታል።

ሁሴኖ በኢፍቱ ትከሻ ተመርቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ፍሬኑን ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ረገጠና ያዘ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ በእግሩ የሚያዳምጥ ይመስላል።

«ጠንካራ ነው» አለ። «ሰኢድ፣ ጎበዝ። ኢፍቱ፣ ውረጂና እዪልኝ። ዝግ ብለሽ እዪ።»

ወረደች። ሰኢድ ጨርቁን እንደያዘ ነው። ዳዶው ሥር ደግሞ አንዲት ጠብታ ልትሰበሰብ ስትል ቀደማትና ጠረጋት። ዓይኖቹ እህቱ ላይ ተተክለዋል። እንደዚህ ሆነው የምታውቃቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አያታቸው በሞቱ ቀን።

«ከሥር ምን አየሽ?» አለ አባቷ።

ጨርቁ ገና ከዳዶው ላይ መነሳቱ ነው። በዚያች ቅጽበት፣ እውነት ለመናገር፣ ደረቅ ነበር።

«ደረቅ ነው» አለች ኢፍቱ።

«ወርዶ ይሂድ እንግዲህ። አላህ ያግዛችሁ።»

ሁሴኖ ወርዶ እየዳሰሰ ወደ በርጩማው ተመለሰ፤ እንደሻው ሞተሩን አስነሳ። መኪናው ከጉድጓዱ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግቢው መሃል ቆመ። ሰኢድ ዘሎ ወጣና ለሴቶቹ በር ከፈተ፤ ድንገት ትሑት ሆኖ ዕቃቸውን ሁሉ ይቀበላል። ኢፍቱም ወጣች።

«ኢፍቱ!» ሮሐ ነበረች፣ የእንደሻው ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ከኋላዋ የምትቀመጠው። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ዓይኗ አብጧል። «ሰኞ ካልመጣሁ ለቲቸር ንገሪልኝ። ደግሞ ጨምረሽ እንዳትነግሪ፣ አፍሽን አውቀዋለሁ።»

«የት ነው የምትቀመጪው?»

«ከኋላ። መስኮቱ ጋ። ምነው?»

«ምንም።»

«ፊትሽ ምን ሆኗል? የሞተው የኔ አጎት ነው እኮ» አለችና ሮሐ ልትስቅ ፈልጋ አለቀሰች። ከዚያ ተሳፈረች።

ኢፍቱ ወደ ዲክሲስ የሚወስደውን የሁሩታን መንገድ ታውቀዋለች። ከአሰላ ከወጡ በኋላ ቁልቁለት ነው፤ ገብስ የጫኑ መኪኖች ፊት ለፊት እያጓሩ ይወጣሉ፤ በዚህ ጭጋግ መብራታቸው የሚታየው አጠገብ ሲደርሱ ነው። እዚያ ሾፌር ፍሬኑን አንዴ ረግጦ አይለቅም። ይዞ ነው የሚወርደው። እግሯ ሥር ፔዳሉ እንዴት እየሸሸ እንደሰመጠ ትዝ አላት። ስሜቱ አሁንም ጫማዋ ውስጥ የቀረ መሰላት።

ደርሰው ቢመለሱስ? ሰኢድ እንዳለው ነገ ቢቀየር፣ ማንም ባያውቅ፣ ቁልፉም ለሰኢድ ቢሰጥ? ብዙ ነገር እኮ እንዲሁ አልፎ ያውቃል።

ከኋላው ጎማ አጠገብ አጎነበሰች። ሲሚንቶው ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ወረድ ብሎ ሌላ። ጭጋጉ ግቢውን ሁሉ አርጥቦታል፤ የሚጠይቃት ቢመጣ ውሃ ነው ልትል ትችላለች። ጣቷን አስነካችውና ከአውራ ጣቷ ጋር አሻሸችው።

አንሸራተታት። ውሃ እንዲህ አያንሸራትትም።

ሰኢድ ከመኪናው ማዶ አያት። ጭንቅላቱን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አልቆጣም፤ ለመናት። እሱ ቢቆጣ ይቀላት ነበር።

ኢፍቱ ተነስታ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄደች።

«ጋሼ እንደሻው፣ ሞተሩን ያጥፉት።»

«ምን ጎደለ ደግሞ?»

«ያጥፉትና ሰዎቹ ይውረዱ።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? ቀብር እኮ ነው የምንሄደው!»

«የማንን?» ልትለው ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ዋጠችው። በሕይወቷ ከዋጠቻቸው ቃላት መካከል ትልቁ ሳይሆን አይቀርም። እጇን በመስኮቱ አስገብታ ቁልፉን ራሷ አዞረች። ሞተሩ ተንፈራግጦ ዝም አለ።

«ምንድን ነው? ማነው ያጠፋው?» ሁሴኖ ከበርጩማው ተነስቶ እጁን በአየር ላይ እየዘረጋ መጣ። «ማል ታኤ? ምን ሆነ? ኢፍቱ?»

«እኔ ነኝ አባ።» ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ደረቅ ነው ብዬህ ነበር። ደረቅ አይደለም። ስነግርህም አውቅ ነበር።»

አባቷ የማያይ ዓይኑን ወደ እሷ አደረገ። እንደሻው በሩን ከፍቶ ወረደ። ሴቶቹ አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። ሮሐ መጨረሻ ላይ ወረደች፤ የተቀመጠችበትን ወንበር ዞራ አየችው።

«የዳዶው ጥርስ ገጥሟል?» አለ ሁሴኖ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ኢፍቱ ሁሉንም ልትዘረግፈው ትችል ነበር፤ ሴጌቶውን፣ አውቶቡሱን፣ ቴፍሎኑን። መናገርማ የሚያቅታት ልጅ አይደለችም።

«እኔ የዋሸሁትን ነግሬሃለሁ» አለች። «ሌላውን ያሰረውን ጠይቀው።»

ውጪ አንድ የፈረስ ጋሪ እየተንቃጨለ አለፈ። ከዚያ ከኋላዋ ጠጠሩ ላይ እርምጃ ሰማች። ሰኢድ ነው፤ የተንጋደደ ጫማውን ከሺህ ጫማ መሃል ታውቀዋለች። ወደ ውጪው በር ይሂድ ወደ እነሱ ይምጣ ገና አይለይም። ኢፍቱ ዞራ አላየችም። የአባቷን እጅ ያዘችና ወንድሟን ቆማ ጠበቀችው።