ዘጠኝ ጥርስ ያለው ሬዲዮ

«ጥርሱ ስንት ነው ይላል?»

ጸሐፊው መዝገቡን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «አራት ይላል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አሁን የተቆጠረውስ?»

«ዘጠኝ።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሙላቴ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ሬዲዮ ከፊት አዩት፤ ዞረው ደግሞ ከኋላ አዩት። ከጀርባው ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ወጥተው ከአንድ ክንድ በሚረዝም ቀርከሃ ውስጥ ይገባሉ። ቀርከሃው ለሁለት ተሰንጥቆ እንደገና በጎማ ቁራጭ ታስሯል። ጓድ ሙላቴ በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉትና ቶሎ እጃቸውን ሳቡ።

«አራት ጥርስ ብለን የመዘገብነው ሬዲዮ በስድስት ወር ውስጥ አምስት ጥርስ አበቀለ ማለት ነው» አሉ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

ጌጤ አልሳቀችም። ከእናቷ ከወይዘሮ አበበች አጠገብ ቆማ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏ በሳይንስ የሚበልጣት የለም። ሬዲዮ ጥርስ እንዳለው የተማረችው ግን ከቀበሌ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መስከረም ላይ በቀበሌው ያለ ሬዲዮ ሁሉ ይመዝገብ ተባለ። የሬዲዮ መመዝገቢያ ቅጽ ግን አልመጣም። ቢሮው ውስጥ የተረፈው የቀንድ ከብት ቅጽ ብቻ ነበር። ጸሐፊው ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ባዶ ዓምድ ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ የእነ ጌጤ ሬዲዮ እንዲህ ተብሎ ተመዘገበ፦ ቀለም፣ ጥቁር። ቀንድ፣ አንድ፣ የሚረዝምና የሚያጥር። ጆሮ፣ ሁለት፣ የሚዞር። «ጥርስ» ከሚለው ሥር ምን እንደሚጻፍ ግማሽ ቀን ተጨንቆ፣ በመጨረሻ ሬዲዮው የሚጎርሰውን የባትሪ ድንጋይ ቆጠረና አራት አለ። ፀባይ፣ ጯኺ።

ዛሬ እሑድ የግማሽ ዓመቱ ቆጠራ ነው። የእነ ጌጤ ቤት ለአዳራሹ ቅርብ ስለሆነ መጀመሪያ የተጠራው የእነሱ ሬዲዮ ሆነ።

አምስቱን ጥርስ ያበቀለችው ጌጤ ናት። ወንድሟ ታደሰ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። ከሁለት ደብዳቤ በኋላ ሦስተኛ አልመጣም። እናቷ ከዚያ ወዲህ ዜና አያመልጣትም። ሬዲዮው ስለ ጀግናው ሠራዊት በአንድ ላይ ያወራል እንጂ ታደሰ የሚባል ሰው ስም ጠርቶ አያውቅም። «ስም እኮ አይጠሩም፣ እማዬ» ስትላት፣ «አንድ ቀን ቢጠሩስ?» ትላለች እናቷ።

ከዚያ የባትሪ ድንጋይ ጠፋ። የቀበሌው ሱቅ ለአንድ ቤት ሁለት ድንጋይ ማደል ጀመረ፤ አራት ለሚበላ ሬዲዮ ሁለት። ጌጤ ሰው የጣለውን የሞተ ድንጋይ ሁሉ ከየደጁ ለቀመች። እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ አሰጣችው። አራት ብርቱ ድንጋይ የሚሸከመውን ዘጠኝ ደካማ ቢረዳዳ ይሸከመዋል ብላ አሰበች፤ ቀርከሃ ሰነጠቀች፤ ደረደረች፤ አሰረች። ሬዲዮው መጀመሪያ አቃሰተ፣ ቀጥሎ ተናገረ። እናቷ የያዘችውን ሽቦ ሳትለቅ እልል አለች።

ወሬው ከእልልታው ፈጠነ። በወሩ ጌጤ ከሊቀመንበሩ በቀር ሬዲዮ ላለው ሁሉ፣ ለሰባት ቤት ቀርከሃ ሰነጠቀች። አንዱ የመሪጌታ ገብረሥላሴ ነው፤ አንዱ የጠላ ሻጯ የወይዘሮ ብዙነሽ። የአቶ ሞላ ሬዲዮ እንዲያውም ቀርከሃውን ተሸክሞ፣ ድንች ሊጭን ከሄደው ጌታው ጋር በበቅሎ ጉና ተራራ ድረስ ሄዶ ተመልሷል።

«እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው» አሉ ጓድ ሙላቴ። «ሰው የገዛ ሬዲዮውን ከፍቶ መለወጥ ይችላል ወይስ አይችልም?» ከኪሳቸው የታጠፈ መመሪያ አወጡና አነበቡ። «ይችላል አይልም።» ወረቀቱን ገለበጡት። «አይችልም አይልም።» ጀርባው ባዶ ነው። ቢሆንም ትንሽ ቆዩበት።

መሪጌታ ገብረሥላሴ ተነሡ። ከቅዳሴ በቀጥታ የመጡ ናቸው። «ልጄ ሙላቴ…»

«ጓድ።»

«ጓድ ልጄ ሙላቴ፤ እኔ የበቅሎዬን እርካብ ባስረዝም ማንን አስፈቅዳለሁ?»

«በቅሎ አትናገርም፣ መሪጌታ።»

«የእኔዋን ስለማታውቃት ነው።»

አሁን ብዙ ሰው ሳቀ። ወይዘሮ ብዙነሽ ተቀበሉ። «እኔስ? ጋኔ ቢሰነጠቅና በሰም ብደፍነው፣ ጋንነቱ ይቀራል?»

«ጋን ውስጥ የሚገባው ነገር ይታወቃል፣ ወይዘሮ ብዙነሽ።»

«ማን ነገረህ?» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ። ጠላቸውን ትናንት የጠጡ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

ጓድ ሙላቴ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም። የበላይ አካል ነገ መጥቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢላቸው የሚመልሱት እንዲኖራቸው ይፈልጋሉ፤ ያ ብቻ ነው። «ሬዲዮው የእናንተ ነው» አሉ። «ማንም አልወሰደባችሁም። ግን የእናንተ የሆነው የተመዘገበው ነው። የተመዘገበው አራት ጥርስ። አምስቱ የማን ናቸው?»

ጌጤ ነገሩን በሐሳቧ ለመከተል ሞከረች። አራቱ የእኛ ናቸው፤ አምስቱ አይታወቁም። እሺ። ግን ከዘጠኙ የትኞቹ ናቸው አራቱ? ከፊት ያሉት? ከኋላ? ራሷን አዞራት። ጥፋት አጥፍታ እንደሆነ ለማወቅ ጥፋቱ ምን እንደሆነ መስማት ነበረባት፤ የሚነግራት ሰው ደግሞ ራሱ ወረቀት እያገላበጠ ነው።

«ኧረ ፋብሪካው ነው እንዲህ የሠራው!»

ድምፁ የመጣው ከመስኮቱ ነው። አመተማርያም ናት፤ በክፍል ከጌጤ ጋር አንድ ወንበር የምትቀመጥ፣ አፏ ከሐሳቧ ቀድሞ የሚደርስ ልጅ። አገጯን መስኮቱ ላይ አሳርፋ ቀጠለች፦ «አዲስ ዓይነት ነው! ቀርከሃውን ታደሰ ነው ከዘመተበት የላከላቸው። ከውጭ አገር የመጣ ነው!»

የወይዘሮ አበበች እጅ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ።

ጓድ ሙላቴ ቀርከሃውን አዩት። እንዲህ ያለ ቀርከሃ ከራሳቸው ጓሮም አለ። ቢሆንም ፊታቸው በራ። «ከፋብሪካ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው!» አሉ። «ፋብሪካ አውቆ የሠራውን ቀበሌ ምን አግብቶት? ጻፍ!» ጸሐፊው ጻፈ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬዲዮ ያለው ሁሉ ይዞ ይምጣ። ፋብሪካ እንደሠራው ያለ በቀኝ ይሰለፋል፤ ሰው የነካካው በግራ። የቀኙ ተፈርሞለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የግራው መመሪያ እስኪመጣ እዚህ ይቆያል።»

«መመሪያ እስኪመጣ» ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከሦስት ዓመት በፊት መመሪያ እስኪመጣ የቆየ ብስክሌት ከአዳራሹ ጥግ አሁንም ቆሟል። ኮርቻው ላይ ዶሮ ታቅፋለች።

*

«አዳንኩሽ!» አለች አመተማርያም፣ ከአዳራሹ ሲወጡ ክንዷን ይዛ። «ምን ያስኮርፍሻል? አመሰግናለሁ አይባልም፣ አንች ፋራ?»

«ሰባቱስ?»

«የትኞቹ ሰባት?»

«እኔ የሠራሁላቸው! የመሪጌታ፣ የወይዘሮ ብዙነሽ… የእኛ ከፋብሪካ ነው ከተባለ የእነሱ ከየት ሊባል ነው?»

አመተማርያም ቆም ብላ አሰበች፤ ሲያዩዋት ማሰብ የሚያሳክካት ትመስላለች። «የእነሱንም ታደሰ ላከላቸው በያ።»

«ለሰባት ቤት ቀርከሃ?»

«ደግ ልጅ ነው።»

ጌጤ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ከዚያ ሳቁ የሆነ ቦታ ላይ ቀረ። «የእሱን ስም ለምን አነሣሽ?»

«እንጃ። አፌ ላይ መጣ» አለች አመተማርያም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሬዲዮውን ሊወስዱባቸው ሲሉ የእናትሽን ፊት አየሁት። ሌላ ምን ልበል? እውነቱን ብናገር ያስቀሩት ነበር። አሁን በቀኝ ቁሚና ፈርሚ፣ አለቀ። እነዚያ ደግሞ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ያውቁበታል። ምን አጠፋሁ?»

ጌጤ አጥፍተሻል ለማለት አፏን ከፈተች። አላጠፋሽም ለማለትም ከፈተች። ክንዷን አላቃ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤት ስትገባ እናቷ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ሬዲዮው አጠገቧ ነው፤ ቀርከሃው ግን ጭኗ ላይ። በአውራ ጣቷ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ትነካካለች።

«ልጅቱ ታደሰ ላከው ስትል ሰማሻት?»

«እማዬ፣ ውሸት እኮ ነው። እኔ ነኝ…»

«ጠፍቶኝ ነው? ስትሠሪው ሽቦውን ማን ያዘልሽ?» እናቷ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። «ብቻ ስትለው፣ ለአንድ አፍታ እውነት መሰለኝ። እጁ የነካው ነገር ቤቴ የገባ መሰለኝ።»

ጌጤ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ውሸቱን ከጠላችው የጠላችው እናቷን ለአንድ አፍታ ያሳረፈውን ነገር ነው። ከወደደችው ደግሞ የወይዘሮ ብዙነሽ ሬዲዮ ከዶሮዋ ጋር ሊያድር ነው። የሳይንስ መጽሐፏ ድንጋይ እንዴት እንደሚደረደር ይናገራል፤ የአንዱ አናት ከሌላው ቂጥ ይነካል፣ ያ ነው። ሰው በየትኛው ሰልፍ እንደሚቆም ምንም አይልም።

«በየት በኩል እንቁም፣ እማዬ?»

«እኔ ምን አውቄ? የተማርሽው አንች ነሽ» አለች እናቷ። ስትላት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

*

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ተነሡ። ሽቦው አጭር ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ቢይዝ ቀርከሃው ይንሸራተትበታል። ስለዚህ ጌጤ ሬዲዮውን አቀፈች፣ እናቷ ቀርከሃውን ያዘች፤ ሽቦው በመሐላቸው ሆኖ ጎን ለጎን እየተጠባበቁ ሄዱ። ጌጤ ማጥፊያውን ልትዘጋ ስትል እናቷ፣ «ተይው፣ ምናልባት» አለች። ሬዲዮው ሙሉውን መንገድ ስለ ስንዴ ምርት አወራ።

አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ ሰልፎች ቆመዋል። በግራ ሰባት ሰዎች። መሪጌታ ገብረሥላሴ ቀርከሃቸውን እንደ መቋሚያ ተደግፈውታል። በቀኝ ሰው የለም። ወንበር ላይ የጓድ ሙላቴ ሬዲዮ ብቻውን ተሰልፏል። አንቴናው ከተሰበረ ቆይቷል፤ በቦታው የጃንጥላ ዘንግ ተተክሎበታል። ሰባቱም ዘንጉን አይተውታል።

ጌጤ በሩ ላይ ቆመች። ቢሰድቧት ደስ ባላት ነበር። ወይዘሮ ብዙነሽ አየት አደረጓትና የራሳቸውን ቀርከሃ ቋጠሮ እንደሚመረምር ሰው አቀረቀሩ። ድርብ ቋጠሮ ነው፤ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ። እንደዚያ የምታስር በደብረ ታቦር አንዲት ልጅ ናት።

አመተማርያም በመስኮቱ በኩል አገጯን ወደ ቀኝ ትወረውራለች።

«ነይ ልጄ፣ የእናንተ በቀኝ ነው» አሉ ጓድ ሙላቴ፣ በርኅራኄ። «ተጽፏል። አንች መፈረም ብቻ ነው።» ጸሐፊው ብዕሩን ወደ እሷ ዘረጋ።

ለምን እንደሚከለከል አሁንም አልገባትም። ለምን እንደሚፈቀድም። ፋብሪካ ያለ ሰው እጅ እንዴት እንደሚሠራም ልትጠይቅ አስባ ተወችው፤ ጓድ ሙላቴ ዛሬ ብዙ ተጠይቀዋል። ጥጉን አየች። ዶሮዋ አየቻት።

ሬዲዮውን ደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ወደ ግራ ተራመደች።

በሦስተኛው እርምጃ ሽቦው ተወጠረ። እናቷ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር። ጌጤ አልዞረችም። አልጎተተችምም፤ ብትጎትት ይበጠሳል። ቆመች። ሬዲዮው ብቻ በኩንታል እየቆጠረ ስለ ስንዴው ይናገራል። ጸሐፊው ብዕሩን እንደዘረጋ ቀረ።

ከዚያ ሽቦው ላላ።

«የሰልፉ መጨረሻ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች እናቷ፣ ከጀርባዋ።