ለስላሳዎቹ ኮኮች

ማክሰኞ ማለዳ ሬሳው ሲገኝ በአትክልቱ ቦታ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሟቹ ሚስት፣ ታናሽ ወንድሙና የለቃሚዎቹ አለቃ። ሟቹ ኮክ ዛፍ ሥር ተዘርሯል። መሰላሉ ወድቋል። አጠገቡ አንድ ቅርጫት ሙሉ ኮክ አለ።

ሚስትየው አላለቀሰችም። ወድቆ ሞተ የሚለውን አላመነችምና፣ የባሏን ገዳይ ታስሮ ሳታይ እንባ ላታወጣ ምላለች። ወንድምየው አለቃው ትናንት ከሟቹ ጋር መጣላቱን እያነሳ በጆሮዋ ነገር ሲያንቆረቁር ስላረፈደ፣ ፖሊሶቹን አለቃውን እሰሩልኝ ብላ ነበር።

መርማሪው ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ቀዝቃዛ ሰው ነው። ሟቹ አልወደቀም፤ ከኋላው በከባድ ነገር ተመቷል አላቸው። ከዚያም ከቅርጫቱ አንድ ኮክ አንስቶ ገመጠ።

«ጌታዬ፣ ማስረጃውን በሉት እኮ» አለ ወንድምየው።

«አይዞህ፣ ቅርጫት ሙሉ ተርፏል።»

መርማሪው ሚስትየውን ለብቻዋ ስለ ባሏ አለቃቀም ጠየቃት። ባሏ የኮኩ አረንጓዴነት ጠፍቶ ቢጫ ካልሆነ አይነካውም ነበር። ስኳሩም ለሰውነት የሚበጀውም የሚሞላው በመጨረሻዎቹ ቀኖች ነው፣ ከዛፍ ከወረደ ወዲያ ይለሰልሳል እንጂ አይጣፍጥም ይል ነበር። አምና ወንድምየው ለጭነት ይመቸኛል ብሎ ጥሬ ያስለቀመውን ኮክ በገዢዎች ፊት ቦይ ውስጥ እንደደፋበትም ነገረችው።

መርማሪው ሦስቱንም በማሸጊያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ይህ ኮክ ለስላሳ ነው። ግን ቆዳው ተጨማዷል፣ ጣዕምም የለውም። ጥሬውን ተለቅሞ መጋዘን ውስጥ የለሰለሰ ነው። ሟቹ ሲለቅም ወደቀ ለማሰኘት ሌላ ሰው ያመጣው ነው።»

«አለቃውስ ቢሆን?» አለች ሚስትየው።

«እሱ ቢሆን እጁን ዘርግቶ የበሰለውን ከላይ ያወርድ ነበር። እርስዎም እንደዚሁ። የለሰለሰ ሁሉ የበሰለ የሚመስለው ዛፍ ላይ ወጥቶ ለማያውቅ ሰው ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ወንድምየው ዞሩ። እሱ ጠረጴዛውን እያየ ተናገረ።

«በሰው ፊት ነው ያዋረደኝ። ከዚያ ወዲህ ከገዢዎቹ ማን ቀና ብሎ አየኝ? ዓመት ሙሉ ቀን ስጠብቅለት ኖርኩ።»

«ኮክ እስኪበስል ሳምንት መታገሥ ያቃተህ ሰው» አለች ሚስትየው በዝግታ፣ «ለወንድምህ ሞት ግን ዓመት ታገሥህ።»

አለቃውን ዞር ብላ ይቅር በለኝ አለችው። እሱ አንገቱን ደፋ።

ወንድምየው ካቴና ሲጠለቅለት፣ ቀብሩ ላይ ልቁም ብሎ ለመናት። እሷ አልፈቀደችም። ፖሊሶቹ ወሰዱት፤ ያኔ እንባዋን ለቀቀችው።