የኋላው መቀመጫ

ቅናት አላውቅም የምትል ሴት ካለች፣ ሶልያናን አላየቻትም ማለት ነው።

ቶሮንቶ በገባሁ በመጀመሪያው ዊንተር፣ ዌስተን ባቡር ጣቢያ በር ላይ በረዶ አንሸራትቶኝ ራጉኤል እጅ ላይ ወደቅሁ። እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳይደውልልኝ የዋለበት ቀን የለም፤ «እወድሻለሁ» የምትለዋ ግን ከአፉ አልወጣችም። አንድ ቀን፣

«ተናኘ፣ ቅዳሜ ስኖውሞቢል ልነዳ ወደ ሰሜን እሄዳለሁ። ትመጫለሽ?» አለኝ።

«አይ፣ ይቅርብኝ። ብርዱን አልችለውም።»

«ኦኬ» አለና ሶልያናን ይዟት ሄደ!

ኦኬ ይለኛል እንዴ! ሶልያና አብራው የምትሠራ ልጅ ናት፤ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር ይገባል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እነሱ በዚያ በበረዶ ሞተር በጫካው ይበራሉ፣ እኔ ኢስት ዮርክ ቤቴ ቁጭ ብዬ እንደ ሽንኩርት እቁላላለሁ።

ስኖውሞቢል መከራየት ሲሰለቸው የራሱን ሊገዛ ተነሣና ሁለታችንንም ወደ መሸጫው ወሰደን። ሁለት ስኖውሞቢሎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ትራክ የሚሉት፣ ከሥር የሚዞረው ሰፊ የጎማ ሰንሰለት፣ የአንደኛው አጭር፣ የሌላው ረጅም ነው።

«አጭሩን ውሰድ» አለች ሶልያና ክንዱን ይዛ። ክንዱን! «የጫካው መንገድ ኩርባ በኩርባ ነው፣ አጭሩ ቶሎ ይታጠፍልሃል። አንተ በራስህ፣ እኔ በኪራይ ሬስ እናደርጋለን።»

«ጎርባጣ መንገድ ላይ ግን ረጅሙ አያንገጫግጭም» አለ ራጉኤል። «መቀመጫውም ለሁለት ይሆናል።»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ የዋጋውን ወረቀት የማነብ መሰልኩ።

«ግን ከኋላዬ ማን ይቀመጣል? በቃ አጭሩ ይሁን።»

ሻጩን ሊጠራ ዞረ። አጭሩን ከገዛ ቅዳሜዎቹ ሁሉ የእሷ ናቸው፤ ለእኔ ቦታ የለም። ኩራቴን ወዲያ ጣልኩት።

«ራጉኤል!» አልኩት ጮክ ብዬ። «አንዴ እምቢ ስላልኩ የምሬን መሰለህ?»

«ብርዱን አልችለውም ብለሽኝ የለ?»

«እንድትለምነኝ ነዋ! እናትህ ቤት እንግዳ አንዴ ‹በቃኝ› ስላለ ገበታ ይነሣል? ቀንቻለሁ፣ በቃ! ቅናት ሊገድለኝ ነው!»

ሶልያና ክንዱን ለቀቀችው። ጓንቷን አጥልቃ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ያኔ ነው በከንቱ እንዳልቀናሁ የገባኝ። አንጀቴን በላችው፤ ያም ሆኖ ራጉኤልን አልሰጣትም።

እሱ ሳቅም ድንጋጤም ተቀላቀለበት።

«እና ስንት ጊዜ ነው የሚለመነው?»

«ሦስት።»

«ተናኘ፣ በሞቴ አብረሽኝ ነይ።»

«አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩ እንደ ደንቡ።

«በሞቴ! እወድሻለሁ እኮ።»

ሦስተኛውን አልጠበቅሁም። ረጅሙ ላይ ወጥቼ ከኋላ ተቀመጥኩ።