ኖርማን ያልተኛበት አልጋ

ማክሰኞ ጠዋት፣ በእንግሊዝ ዮርክሸር የባሕር ዳርቻ ካለው የካራቫን ሠፈር ጥሪ ሲመጣ፣ ሳጅን ሃርግሪቭ ለጡረታዋ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀራት። ዝናቡን እየረገመች፣ ጉልበቷን እያሻሸች ደረሰች። ሰው መሞቻ ቀን አያውቅም እንጂ፣ እሷ ብትጠየቅ ደረቅ ቀን ትመርጥለት ነበር።

ሟቹ ኖርማን ብሬይ የሚባል ጡረተኛ ነው። በመኪና በሚጎተተው ቤቱ፣ በካራቫኑ ውስጥ፣ አልጋው ላይ እስከ አንገቱ ተሸፋፍኖ ተኝቷል። እግሩ ሥር የከሰል ማንደጃ አለ፤ የወለሉ መተንፈሻም በፕላስተር ተለጥፏል።

«በየዓመቱ አንዱ እንዲህ ይሞታል» አለ ካራቫኑን የሸጠለት ቴሬንስ ጎድሊ፣ ጃንጥላው ሥር ቆሞ። «ይበርዳቸዋል፣ ከሰል ያስገባሉ፣ በቃ። ዕቃው ምን ያድርግ?»

«እርስዎስ አድረውበት ያውቃሉ?»

«እኔ? ካራቫንም ድንኳንም ውስጥ አንድ ሌሊት አድሬ አላውቅም። ሆቴል ምን ሊያደርግ ተሠራ?»

የሟቹ ሚስት ኢኒድ ከእህቷ ቤት መጣች። ዓይኗ ደርቋል፤ ማልቀሱም የደከማት ትመስላለች።

«ቤታችንን ሸጠን ነው የገዛነው» አለች። «ወር ሳይሞላው ግድግዳው ርሶ፣ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉድ ጀመር። ሻጋታው ደረቴን ቢይዘኝ እህቴ ጋ ገባሁ። አንዴ ጠገኑት፤ ባሰበት። ሕጉ ደግሞ ጠግነው ካልተስተካከለ ዕቃውን መልስ፣ ገንዘብህን ውሰድ ይላል። ኖርማን ሐሙስ ዕለት ‹አልቀበልም፣ ውሰዱት› ብሎ ለጎድሊ ጻፈ።»

«ከዚያ ወዲህ ውስጥ አድሯል?»

«ኧረ በፍጹም። ከተጠቀምክበት ተቀብለኸዋል ብለው ይከራከሩሃል ተባልን። አጠገቡ ድንኳን ተክሎ ነው የሚያድረው። እሱንም ደብዳቤው ላይ ጽፎታል።»

ሳጅኗ ወጥታ አየች። ድንኳን የለም። ተተክሎ የነበረበት ቢጫ የሆነ አራት ማዕዘን ሣር ብቻ ነው ያለው። ጎንበስ ብላ ካራቫኑ ሥር ስትፈልግ፣ ጉልበቷ እየጮኸባት፣ ድንኳኑን ከረጢቱ ውስጥ አገኘችው። በሥርዓት ተጣጥፏል፤ ግን ውኃው ገና ይንጠባጠባል።

«ትናንት ሲመሽ ተተክሎ ነበር» አለች የሠፈሩ ጠባቂ ቤሪል። «ምስኪን፣ በዚያ ዝናብ። እኔ እንኳ ቢሮዬ እደር ብዬው ነበር።»

ካራቫኑን የጠገነው ኪት ግን ሲያናግሩት መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ጎርፍ የገባባቸው ናቸው» አለ በመጨረሻ። «አሥራ አንድ ካራቫኖች። ጎድሊ ‹ላዩን አሳምርና አፍህን ዝጋ› አለኝ። ኅሊናዬ እምቢ ቢለኝ ትናንት ለኖርማን ነገርኩት። እሱም ወዲያው ለጎድሊ ደወለ፤ ‹ነገ ለቀሩት አሥር ገዢዎች እነግራለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ።»

እኩለ ቀን ላይ አራቱን በቤሪል ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ራሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቆሞ ማስረዳት ለወጣቶች ነው።

«ኖርማን እዚያ አልጋ ላይ አልተኛም» አለች። «ለመብቱ ሲል ዝናብ ላይ ያደረ ሰው፣ በፈቃዱ ገብቶ መብቱን አያፈርስም። አስተኝተውታል። ያስተኛው ሰው ድንኳኑን አንሥቶ አጠፈው፤ ኖርማን ራሱ ብርድ አሸንፎት የገባ እንዲመስል። ቤሪል፣ እርጥብ ድንኳን አጥፈሽ ታውቂያለሽ?»

«ምን ሆኜ? በሦስት ቀን ይበሰብሳል።»

«ኪት?»

«መጀመሪያ ተሰቅሎ ይደርቃል። ሕፃን ያውቀዋል።»

«ኢኒድም አርባ ዓመት ከኖርማን ጋር ድንኳን ተክላለች። ከሦስታችሁ አንዳችሁ ኖርማንን ልታስመስሉ ብትፈልጉ፣ ሰቅላችሁት ትሄዱ ነበር። እንዲህ አሳምሮ የሚያጥፈው ድንኳን የማያውቅ ሰው ነው።» ወደ ጎድሊ ዞረች። «እርስዎ ደብዳቤውን አንብበዋል። ድንኳኑ ከቆመ ክርክርዎ እንደሚወድቅ ያውቃሉ። ዛሬ ደግሞ አሥሩ ገዢዎች ሊሰሙ ነበር። መኪናዎ ውስጥ የሻይ ፔርሙስ ተገኝቷል፤ የእንቅልፍ ኪኒን ሽራፊ ውስጡ ዘቅጧል። ‹እንታረቅ› ብለው አጠጡት?»

ጎድሊ ጃንጥላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቁጭ አለ።

«አንድ ቢሆን እኮ እመልስለት ነበር» አለ። «አሥራ አንድ ነው። ከየት አመጣለሁ?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ኢኒድ ግን ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

«ማታ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «‹በጣም በረደኝ ኢኒዴ፣ ለዛሬ ብቻ ውስጥ ልደር› አለኝ። ‹ዋ፣ እንዳታደርገው፣ ሁሉን ነገር እናጣለን› አልኩት። ‹እሺ› አለኝ።»

«እሺ ስላለዎት ነው ገዳዩ የተያዘው» አለች ሳጅኗ። «ደብዳቤውም ጸንቷል። ገንዘብዎ ይመለሳል።»

ኢኒድ ራሷን ነቀነቀች።

«ግባና ሙቅ ብለው ምን ነበረበት» አለች። «የመጨረሻ ቃሌ እሱ በሆነ።»