ስልኩን ያነሳው ማን ነው?

ሟቹ ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ወድቋል። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ አየችው። ኪሱ ተቀዷል፤ ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ነው።

«ይሄ አውሬ ነው የገደለው!» አለች የድርጅቱ ባለቤት፣ ወደ ጥበቃው በጣቷ እያመለከተች።

«አይጩሁብኝ እትዬ! ሌባ ነው ያላችሁኝ እናንተው!»

ነገሩን ያስረዳው የድርጅቱ ጠበቃ ነው። ሟቹ እንደ ሌባ ሰርጎ እየገባ የደንበኞች ምስጢር በደንብ መጠበቁን እንዲፈትሽ በውል የተቀጠረ ባለሙያ ነበር። በውሉ መሠረት ጥበቃዎቹ አያውቁም። ከተያዘ ግን ጥበቃው ወደ ድርጅቱ ባለቤት ስልክ ይደውላል፤ ያነሳው ሰው «የኛ ነው፣ ልቀቁት» ይላል።

«እኔ አላነሳሁም» አለች ባለቤቷ። «ስልኬን ቢሮ ቻርጅ ላይ ትቼ ዕቃ ቤት ወርጄ ነበር።»

«ውሉን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ ጠበቃው፣ የእህቴ ልጅ።»

የእህቷ ልጅ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነው። «እኔን ምን አገባኝ?» አለ ኮስተር ብሎ። «ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ።»

«እኔም ቢሮዬ» አለ ጠበቃው። «የገዛ ውሌን አፈርሳለሁ እንዴ?»

መርፌ ጥበቃውን ለብቻው ጠራችው። «የተባልከውን ሳታስቀር ንገረኝ።»

«በሹክሹክታ ስለሆነ ወንድ ይሁን ሴት አልለየሁም። ‹ሌባ ነው፤ ፍላሹን ቀሙት› አለኝ። እምቢ አለ፣ ተናነቅን፣ ወደቀ።»

«ፍላሽ መያዙን ነግረህ ነበር?»

«ኧረ በምን አውቄ! ኪሱ ውስጥ እኮ ነው የነበረው።»

መርፌ የሟቹን ጭብጥ አስከፈተች፤ ፍላሹ እዚያ ነበር። የያዘውን አስመረመረች። ቀጥላ ኮምፒውተር ክፍሉን አየችና ሁሉንም በድርጅቱ ባለቤት ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ውሉን ሦስታችሁም ታውቃላችሁ» አለች። «ስለ ፍላሽ ግን ውሉ አንድም ቃል የለውም፤ ጥበቃውም አላየውም። በዚህ ሕንፃ ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ ሲሰካ የሚያሳየው አንድ ስክሪን ብቻ ነው።» ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ዞረች። «ያንተ። ሟቹ ምን እንደቀዳ ገባህ፤ የደንበኞችን ምስጢር ለተፎካካሪ ስትሸጥ የተጻጻፍከውን። ሲያዝ ጩኸቱን ሰማህ፤ እዚህ ገብተህ ስልኩን አነሳህ።»

«እንዲሞት አልፈለግኩም! አክስቴ፣ በናትሽ ንገሪያት!»

አክስቱ በጥፊ አጮለችው። «የእናቴን ስም አትጥራ!»

ከታች የሴት ዋይታ ተሰማ። የሟቹ ሚስት ደርሳለች። ጠበቃው አንገቱን ደፋ፤ የድርጅቱ ባለቤት ወደ መስኮቱ ዞረች።

ጥበቃው ኮፍያውን አወለቀ። «ከእጄ ነው የወደቀው» አለ። «እኔው እነግራታለሁ።»

በሩን ከፍቶ ወረደ።