እስኪወድቅ ድረስ

ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ በክረምቱ መግቢያ፣ የጦር ሠፈሩ የቡጢ ሕግ ተለወጠ፤ ከሁለቱ አንዱ ወለል ላይ ካልወደቀ በቀር ዳኛው ግጥሚያውን እንዳያቆም፣ አሠልጣኝም ሽንፈት ተቀብሎ ፎጣ እንዳይወረውር የሠፈሩ አዛዥ ኮሎኔሉ አዘዙ። አሸናፊው በሠፈሩ ቡድን ይቀራል፤ ተሸናፊው በማግስቱ ይዘምታል።

በቀዩ ማዕዘን የቆመው አሠልጣኝ፣ በወጣትነቱ ያለ ክፍያ፣ ለክብር ብቻ ሲጋጠም አፍንጫው የተሰበረ፣ ጉልበቱ ሲከዳው ወደ ማሠልጠን የዞረ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ዛሬ ለግጥሚያ ያቀረበው የእህቱን ልጅ ነው። እህቱ በሠፈሩ በር ላይ ይዛው፣ "ሁለቱን ልጆቼን ግንባር በላብኝ፤ ይኼን እንኳ አትርፍልኝ፣ ወንድምዬ" ብላዋለች፤ እሱም "በእኔ ጣዪው" ብሏታል።

ከወዲያ የቆመው የእግረኛ ጦሩ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ ዘገምተኛ።

"አቡካው! ሊጥ ነው!" ይላል ወታደሩ እየሳቀ።

በሁለተኛው ዙር የልጁ ግራ እጅ የዳቦ ጋጋሪውን ቅንድብ ሰነጠቀው፤ ቀኙ መንጋጋውን አናጋው፤ ሰውየው ጥርሱን ከደም ጋር ተፍቶ ወደ ኋላ ሲንገዳገድ ክንዱ በገመዶቹ መካከል ተጠላልፎ ቀረ። ጉልበቱ ታጠፈ፤ ገመዱ ግን አንጠልጥሎ ያዘው። ሳቁ ጠፋ።

"ተወው!" አለ አሠልጣኙ።

"አልወደቀም እኮ፣ ጋሼ!" ልጁ እያለቀሰ ይመታል። "ካቆምኩ ተሸነፈ ይሉኛል!"

አሠልጣኙ ከፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጡት ኮሎኔል ዞረ። "ጌታዬ፣ ሰውየው ሊሞት ነው!"

"ሃምሳ አለቃ፣ ሕጉን ታውቀዋለህ። ወድቋል?"

"መውደቂያ አጣ፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው ይቀጥል።"

ከአሮጌው ሕግ ያልተሰረዘ አንድ አንቀጽ ነበር፤ አሠልጣኙ ገመድ አልፎ የገባበት ቡጢኛ ይሸነፋል። አሠልጣኙ የእህቱን ፊት አሰበ፤ እጁም ገመዱ ላይ ደርቆ ቀረ። ያን ጊዜ ሌላ ቡጢ አርፎ የዳቦ ጋጋሪው አንገት እንደ ተሰበረ ቅርንጫፍ ተንጠለጠለ።

ገባ። ልጁን ከወገቡ አቅፎ ጎተተው፤ ልጁም "ምን አደረግከኝ፣ ጋሼ!" እያለ በክርኑ አፉን አደማው።

የዚያን ጦርነት ታሪክ የጻፉት ሰዎች የኮሎኔሉን ድሎች በየምዕራፉ ዘርዝረዋል፤ ዳቦ ጋጋሪው በሕይወት ከገመዱ መፈታቱን ግን የጻፈ የለም።

ዳኛው ወደ መካከል ወጣ።

"ቀይ፣ በአሠልጣኙ ጥፋት፣ ተሸንፏል፤ ነገ ማለዳ ይዘምታል።"